በወንዛዬ ቅዱስ የሆንኩባት ግማሽ ቀን

በእኛ ከተማ በወረታ ሰው ሲያብጥ «ተመቸው» ይባላል። ሲያዝን ደግሞ «ጨመተ» ይባላል። እኔ ባለፈው ዓመት አብጬም አዝኜም ስለነበር ከጥቅምት እስከ ኅዳር እንደኔ የተመሰገነ ጡረተኛ በከተማው አልነበረም። ምስጋናው ግን ሊገድለኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዋሴ እባላለሁ፤ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፎገራ ሜዳ ላይ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ሩዝ እንዴት እንደሚዘራ፣ ማዳበሪያ ምን ያህል እንደሚጨመር፣ የአረም መድኃኒት በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ ለገበሬው አስተምሬአለሁ። «መድኃኒት በልኩና በሰዓቱ ካልሆነ ከመርዝ አይሻልም!» እያልኩ ስንቱን ሽማግሌ በሕዝብ ፊት እንደገሠጽኩ አንድዬ ይቁጠረው። የታዘዘለትን ግማሹን ረጭቶ ግማሹን የደበቀ ገበሬ ካገኘሁ፣ ስብሰባ መሐል አስነሥቼ «ለምን?» እለው ነበር። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በዱላው ሲጭር ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ባለቤቴ ብርቄ ዐረፈች። እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ልጄ ሙሉነሽ ዘንድ ገባሁ። ሙሉነሽ አስተማሪ ናት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። በመሐሉ እኔና ግድግዳው ነን።

ከዚያ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ትንፋሼ እጥር አለ። ሆስፒታል ሄድኩ። ልቤ ደም የመግፋት ጉልበቷ ደክሟል አሉኝ፤ በዚያው ስኳርም እንዳለብኝ ነገሩኝ። ለአንድ በሽታ ሄጄ በሁለት ተመለስኩ ማለት ነው። አራት ዓይነት ኪኒን ሰጡኝ፤ ሁለቱ ልብን የሚያግዙ፣ አንዱ የስኳር፣ አንዱ ደግሞ ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ በሽንት የሚያስወጣ። ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። «አባቴ፣ ጨው ይቀንሱ። በየጠዋቱ ይመዘኑ። ክብደትዎ በጥቂት ቀን ውስጥ ድንገት ከጨመረ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ቶሎ ይምጡ። ኪኒኑን ደግሞ በራስዎ እንዳያቆሙ።» ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ። እኔ የስብሰባ ሰው ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ አይቸግረኝም። የቸገረኝ ውሳኔውን መፈጸሙ ነው።

ጥፋቱ የጀመረው ለቅሶ ላይ ነው። ጡረተኛ ሥራው ለቅሶ መድረስ ነው። የውሃው ኪኒን ደግሞ ከተዋጠ በኋላ ወጣ ገባ ያደርጋል። አንድ ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አምስት ጊዜ ተነሥቼ ወጣሁ። በአምስተኛው ስመለስ ከጎኔ ያሉት ሰውዬ ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ ዋሴ፣ እንዲህ እየወጡ ማልቀስ ጥሩ አይደለም፤ እዚሁ አልቅስ» አሉኝ። ሟቹን በመልክ እንኳ አላውቃቸውም ነበር። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ባለበት ቀን የውሃውን ኪኒን መተው ጀመርኩ። ወረታ ደግሞ ለቅሶ የሌለበት ቀን የለም።

ቀስ በቀስ ሌሎቹንም ተውኩ። ሙሉነሽ ጠዋት ቆማ ታስውጠኛለች፤ እኔ ከምላሴ ሥር አቆይቼ እሷ ስትወጣ ጓሮ ያለው ቃሪያ ሥር እቀብራለሁ። በፎገራ ምድር እንደዚያ ቃሪያ ልቡ የታከመ ተክል የለም።

በሁለተኛው ሳምንት መንገድ ዳር ከሚቀመጠው ሰውዬ ሚዛን ላይ ወጣሁ። «ጋሼ ዋሴ! አምስት ኪሎ ጨምረዋል! እንኳን ደስ አለዎት!» ብሎ ጮኸ። ባጃጅ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩኝ። «ጡረታ እንዲህ ሲስማማ!» አለ አንዱ። «ፊታቸው እንዴት ሞላ!» አለች ሌላዋ። ጫማዬ አልገባ ብሎኝ በሸበጥ ነበር የሄድኩት፤ እሱንም «ዘና ብለዋል» አሉት። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኛል። ግን ሚዛን ላይ ቆሞ የተጨበጨበለት ሰው እንዴት ብሎ «ኧረ እኔስ እየሞትኩ ነው» ይላል?

የውስጤ ነገርም ከዚያ አልተሻለም። እንቅልፍ የለኝም። እህል አይጣፍጠኝም። ሬዲዮ ከፍቼ ምን እንዳለ አልሰማም። የሩዙ ማሳ ከቤታችን ብዙ አይርቅም፤ ሄዶ የማየት ፍላጎት ግን ድርቅ አለ። ጠዋት ከአልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አንዱን ካልሲ አድርጌ ሌላውን ለማድረግ አንድ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ይህንንም ሰው በበጎ ተረጐመው። የአርባ ዓመት ወዳጄ መሪጌታ ይኄይስ፣ የደብራችን ማኅሌት መሪ፣ ሊጠይቁኝ መጥተው ዝምታዬን ሲያዩ «አያ ዋሴ፣ ዓለምን ናቁ እኮ!» ብለው አደነቁኝ። «ድሮ እንዴት ያለ ተናጋሪ ነበሩ! ጸጋ ነው፣ ጸጋ ነው።» ከዚያ እግሬን አዩና «ይሄ ደግሞ ከሜዳው የያዘዎት ብርድ ነው። ወንዛዬ ሄደን ሦስት ቀን ፍል ውሃ እንግባ» አሉ።

እሺ አልኩ። እምቢ ለማለትም ጉልበት ያስፈልጋል።

ሙሉነሽ ስንቅ ቋጠረችልን፤ ኪኒኖቹን በፌስታል ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠች። እኔ ደጃፍ ላይ ፌስታሉን አውጥቼ፣ ተመልሼ ገብቼ ትራሴ ሥር ከተትኩትና ወጣሁ። መሪጌታ በበኩላቸው ቋንጣ፣ ድቁስና አዋዜ ይዘው ነበር። ከጨው በቀር የተከለከልኩት አልነበረም፤ ከጨው በቀርም የያዝነው አልነበረም።

ወንዛዬ ስንደርስ ከቀትር በኋላ ሆኗል። ፍል ውሃው ይጨሳል። ውስጡ የተቀመጡት ወንዶች አንገታቸው ብቻ ይታያል፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ በሽታ ያስረዳል፣ ስለ ሰውም በሽታ ይፈርዳል። እኔም ገባሁ። መጀመሪያ ሰውነቴ ፈታ አለኝ፤ ስወጣ ግን ምድሩ ዞረብኝ። «ብርዱ ሲወጣ ነው» አሉ መሪጌታ።

ማረፊያችን ለእንግዳ የምትከራይ ጠባብ ጎጆ ነበረች። ስተኛ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ያህል ትንፋሽ ስለሚያሳጣኝ፣ ምሶሶ ተደግፌ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ጠዋት መሪጌታ ሲነቁ ያው እንደተቀመጥኩ አገኙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አያ ዋሴ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጸሎት?»

መልስ ልሰጣቸው አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሼ ግን አንድ ቃል እንኳ የሚያወጣ አልነበረም። እጄን አወዛወዝኩ።

«ገባኝ፣ ገባኝ። በአርምሞ ነዎት» ብለው በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወጡ።

ምን እንዳወሩ አላውቅም። ጎጆዋ በር ላይ ፀሐይ ልሞቅ ስቀመጥ አንዲት እናት መጥተው እግሬ ሥር ተንበረከኩ። «አባ፣ ይባርኩኝ። ጉልበቴን ነው።» አሁንም «ኧረ እኔ አይደለሁም» ለማለት እጄን አነሣሁ። ሴትዮዋ እጄን ይዘው ሳሙትና ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ መጡ። ቀጥሎ ሁለት። መሪጌታ ራሳቸው ቆመው ሰልፍ ያሲዛሉ፤ «ቀስ በሉ፣ አትጫኗቸው፤ አርባ ዓመት የማውቃቸው ናቸው» ይላሉ። ረፋድ ላይ ያቺ የመጀመሪያዋ ሴት ጉልበታቸው እንደተሻላቸው መመስከር ጀምረው ነበር።

ለምን አላስቆምኳቸውም? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብርቄ ካረፈች ወዲህ ሰው እጄን ሲይዘኝ የመጀመሪያው ነበር።

እኩለ ቀን አካባቢ ደግፈው ወደ ውሃው ወሰዱኝ። ለቅዱስ ሰው ቦታ ተለቀቀ፤ ውሃው በጣም የሚፈላበት ጋ አስቀመጡኝ። ሁለት ጊዜ ተነፈስኩ። ከዚያ ድምፁ ሁሉ እየራቀ፣ ብርሃኑ እየጠበበ ሄደ። ውሃው አገጬ ላይ ሲደርስ ተሰማኝ። አልፈራሁም። ዛሬ ሳስበው የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ አለመፍራቴ። «ይበቃል» የሚል አንድ ነገር በውስጤ አለፈ።

ዓይኔን ስገልጥ በጋቢ ተጠቅልዬ ሣር ላይ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። ዙሪያዬን የከበበው ሰው ይንሾካሾካል። «ተመስጦ ነው» አለ አንዱ። ደረቴ ውስጥ ውሃ የሚፈላ ይመስል ይንኮራኮራል። በዚህ መሐል አንዲት ጠይም፣ ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ሰውን በክርኗ እየገፋች መጣች።

«አታስተኙት! ቀና አድርጉት! ልትገድሉት ነው እንዴ?»

እንጉዳይ ትባላለች፤ ከሜዳው የመጣች ገበሬ ናት፤ ለወገቧ ነበር የመጣችው። ቀና አድርጋ አስቀመጠችኝና ቁርጭምጭሚቴ ላይ አውራ ጣቷን ተጫነች። ስታነሣው ጉድጓዱ እንደ ሸክላ ጭቃ ሳይሞላ ቀረ።

«ይሄ ብርድ አይደለም፤ ውሃ ነው። የኔም ባል እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው» አለች። ከዚያ ጮክ ብላ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠየቀችኝ፤ «አባቴ፣ ዛሬ ሸንተዋል?»

መሪጌታ ደነገጡ። «አንቺ! ማንን እንደምታናግሪ ታውቂያለሽ? ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው በጸሎት ያደሩ አባት ናቸው!»

«ተቀምጠው ያደሩት መተኛት አቅቷቸው ነው! ቅዱስስ ቢሆኑ አይሸኑም? ኪኒን አላቸው ወይ?»

መሪጌታ ወደኔ ዞሩ። እኔ ራሴን ወደ ጎን ነቀነቅኩ።

እንጉዳይ ሩዝ ጭኖ ወደ ወረታ የሚወርድ አይሱዙ አስቆመች። ሾፌሩ አየኝና «ሬሳ አልጭንም» አለ። «ሬሳ እንዳይሆኑ እኮ ነው የምትጭናቸው!» አለችው። በኬሻ ሩዝ መሐል አስደግፈው አስቀመጡኝ። መሪጌታ ከኋላዬ ተቀምጠው በደረታቸው ጀርባዬን ያዙኝ። መንገዱ ያነጥረናል፤ በግራ በቀኝ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ አጫጆች ቀና ብለው ያዩናል።

ትንፋሼ ትንሽ ስትመለስ «መሪጌታ» አልኩ።

«አቤት አያ ዋሴ፣ አይናገሩ።»

«ኪኒኑን … እኔ ነኝ የተውኩት።»

«ረስተውት ነው?»

«አይደለም። አውቄ ነው። … ምን ያደርግልኛል ብዬ።»

መሪጌታ ጋቢውን ወደ ትከሻዬ ሳቡልኝ። የሚታወቀው ያ የማኅሌት ድምፃቸው ሲመጣ ተሰንጥቆ ነበር። «እኔ ደግሞ … ዓለምን ናቁ ብዬ ሳመሰግንዎ ከረምኩ። የወዳጅዎን ነገር አዩ? ሞት ሲጠሩ ቆሞ ‹አሜን› የሚል።» ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ በር አጥብቀው እንደያዙኝ ነበር።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉልኝ፣ በደም ሥሬ መድኃኒት ሰጡኝ። ስለ ቀጣዮቹ ሰዓታት ብዙ አላወራም፤ ያ ሁሉ የተደነቀ ውፍረት በሽንት ተቀድቶ ወጣ ብል ይበቃል። በማግስቱ ፊቴ ወደ ድሮ መልኩ ተመለሰ። ሊጠይቁኝ የመጡት የእድር ሰዎች በር ላይ ቆመው «ወይኔ! በአንድ ቀን እንዲህ ከሳ?» ብለው አነቡ። ለስኳር በሽተኛ ሁለት ሳጥን ለስላሳ፣ ለልብ በሽተኛ ጨው የጠገበ ድፎ ዳቦ ይዘው ነበር። አንዱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በልብ የሞቱ ዘመዶቻቸውን በስም በስማቸው ቆጠሩልኝ፤ ሲጨርሱ «አንተ ግን አይዞህ» አሉኝ።

እነሱ ሲወጡ ዶክተሯ መጣች። ልጄን የምታክል፣ ረጋ ያለች ናት። ሙሉነሽ ጎኔ ቆማለች፤ መሪጌታ መስኮቱ ጋ ናቸው።

«አባቴ፣ ኪኒኑን መቼ ነው ያቆሙት?»

«አላቆምኩም።»

«እሺ። ታዲያ ኪኒኑ የት ይሄድ ነበር?»

ሙሉነሽን አየኋት። «ቃሪያው ዘንድ» አልኩ።

ዶክተሯ አልሳቀችም። ስለ ለቅሶው፣ ስለ ሽንቱ፣ አምስት ጊዜ ስለመውጣቴ በዝርዝር አስረዳኋት። ጥሩ ሪፖርት ነበር። ሰምታ ስትጨርስ «ለቅሶ ባለበት ቀን ሰዓቱን እናዛውርልዎት ነበር እኮ። ከለቅሶ ሲመለሱ ይወስዱታል። ለምን መጥተው አልጠየቁንም?» አለች። ልሞትበት የነበረው ጉዳይ የሰዓት ጉዳይ ኖሯል!

ከዚያ ግን ወረቀቷን አየችና ቀጠለች፤ «የስኳሩ ኪኒንና እነዚህ የልብ ኪኒኖች ደግሞ እንደሱ ሽንት አያመላልሱም። እነሱንስ ለምን ጣሉ?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስብሰባ መሐል ያስነሣኋቸው ገበሬዎች በሙሉ ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ። ዱላ ስላልነበረኝ አንሶላውን በጣቴ ጫርኩ።

«ሌሊት ይተኛሉ?» አለች።

«አልተኛም።»

«ምግብ?»

«አይጣፍጠኝም።»

«ባለፉት ሳምንታት ደስ ያለዎት ነገር አለ?»

«በስድሳ ስድስት ዓመቴ ደስታ ምን ይሠራልኛል?»

«መሞትን ተመኝተው ያውቃሉ?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ፊቴ እንደሞላ ነግሮኛል፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀኝም። አፌን ስከፍት የወጣው ቃል አልነበረም፤ ለቅሶ ነበር። ለማላውቃቸው ሟቾች ስወጣ ስገባ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩት። «ብርቄ ከሄደች … ለምን እንደምነሣ አላውቅም» አልኩ። ሙሉነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ዶክተሯ ስታስረዳን ቃሏ ቀላል ነበር። ይህ የእርጅና ጠባይ አይደለም፣ ጭምትነትም አይደለም፤ ድብርት የሚባል ሕመም ነው፤ ይታከማል። ልብ ሲደክምና ስኳር ሲዛባ መንፈስን ይጎትታል፤ መንፈስ ሲወድቅ ደግሞ ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ከቤት አይወጣም፣ ያን ጊዜ ልብም ስኳርም ይብሳሉ። «አንዱን ብቻ ብናክም ሌላው መልሶ ይጥልዎታል» አለች። መሪጌታ ከመስኮቱ ዞር ብለው «ዶክተር፣ እኔም ስኳር አለብኝ፤ ኪኒኔን ጾም በገባ ቁጥር አቆማለሁ» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ሳምንት ቆይቼ ወጣሁ። አምስተኛ ኪኒን ተጨመረልኝ፤ ለልቤ እንዳይከብድ ታስቦ የተመረጠ የድብርት መድኃኒት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ዘንድ ሄጄ አወራለሁ። መጀመሪያ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በር እገባ ነበር፤ በሦስተኛው ጊዜ እዚያው በጓሮ በር ከእድራችን ሊቀመንበር ጋር ተጋጨን። ሁለታችንም «ጥርሴን ነው» አልን። አሁን በፊት ለፊት በር እንገባለን።

ጠዋት ጠዋት ቀስ ብዬ እስከ ሩዙ ማሳ እሄዳለሁ። ገበሬዎቹ ምክር ሲጠይቁኝ እንደ ድሮው አልገሥጽም። መድኃኒቱን ግማሽ የረጨ ካገኘሁ ከጎኑ ድንበሩ ላይ እቀመጥና «ምን ቸገረህ?» እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚነግረኝ ስለ አረሙ አይደለም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ ድንገት የወፈረ፣ ድንገት የጨመተ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለች፣ እባካችሁ አታመስግኑ። እግራቸውን ተጭናችሁ እዩ። ለምን ተቀምጠው እንደሚያድሩ ጠይቁ። ኪኒናቸውን ቆጥራችሁ ስታበቁም አትሂዱ፤ ተቀመጡና ልባቸው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ ሲመልሱም አትፍሩ። ኪኒን የምትቀብሩ እኩዮቼ ደግሞ፣ የከበዳችሁን ነገር ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሐኪም የማያውቀውን ሰዓት ማዛወር አይችልም።

ተፈወስኩ አልልም። ልቤ ደካማ ናት፤ ስኳሩም አለ። አንዳንድ ጠዋት አሁንም ከአልጋው ጠርዝ መነሣት ተራራ ይሆንብኛል። እንደዚያ ባለ ቀን ኪኒኖቼን እውጥና ልጄን እጠራታለሁ።

«ሙሉነሽ፣ ዛሬ ደህና አይደለሁም» እላለሁ።

«እሺ አባባ» ትላለች። አይዞህም አይዞዎትም አትልም። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ወንበር ስባ፣ አጠገቤ ትቀመጣለች። ትምህርት ቤት ታረፍዳለች።